በአርሲ ሽቅብ፣ በሐረና ቁልቁል፦ የባሌ ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፦ ከአዲስ አበባ ዶዶላ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ የሚያስገቡ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ በባቱና በሻሸመኔ ዞሮ ዶዶላ ይደርሳል። ሌላው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ አድርጎ እዚያው ዶዶላ ላይ ይገናኘዋል። እኛ የአርሲውን መረጥን። በስምጥ ሸለቆው በኩል ተራራን በሩቁ ነው የምታየው። በአርሲ በኩል ግን ከአዳማ ትንሽ አለፍ ካልክ ጀምሮ ሽቅብ ነው። እየወጣህ፣ እየበረደህ፣ ጃኬት እየደረብክ ትሄዳለህ።

መኪናዋ የጓደኛዬ አሮጌ ሃርድቶፕ ናት። እሱ ጎባ ተወልዶ ያደገ ነው። አዲስ አበባ ከገባ ስንት ዓመቱ፣ ስለ ባሌ ሲያወራ አሁንም "እኛ ጋ" ነው የሚለው። "አንድ ቀን እኛ ጋ እወስድሃለሁ" ሲለኝ ኖሮ ዘንድሮ ኅዳር ላይ ተሳካልን። ኅዳር ለዚህ መንገድ ጥሩ ወር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ አዝመራው ደርሷል። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጣን። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገዱ ስለሆነ ብዙ የሚወራለት ነገር የለም። ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ ስንወጣ ግን አገሩ ተቀየረ። ግራሩ ሳሳ። ባሕር ዛፍ መጣ። ከዚያ በኋላ ስንዴ ብቻ። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ መስመር ላይ ነው። አገሪቱ ውስጥ ከሚዘሩት የስንዴ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከዚህ የወጡ ናቸው። እንጀራውንም ዳቦውንም ስንበላ የማናስበው ሥራ እዚህ ሲሠራ ኖሯል።

ቁርስ አሰላ ላይ ነበር። ከተማዋ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው የተቀመጠችው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉን ደመና ይዞታል። እርጎ በዳቦ በላንና ቶሎ ተነሳን።

ከአሰላ በኋላ ያለው ሜዳ በአጨዳ ላይ ነበር። አርሲ ከዘመናዊ እርሻ ጋር ቀድሞ የተዋወቀ አገር ነው። የጭላሎ እርሻ ልማት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው እዚህ ነው። ዛሬ ኮምባይነር በየማሳው ይንጎራደዳል። መኪናውን ዳር አስይዘን አንዱን ቆመን አየነው። ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ ክንዱን ዘርግቶ ስንዴውን አይሱዙ ላይ ያንቆረቁረዋል። አቧራው ከፀሐዩ ጋር ተደባልቆ ወርቅማ ሆኗል። ከኮምባይነሩ ኋላ ሴቶችና ልጆች ቃርሚያ ይለቅማሉ። አንዲት ልጅ የለቀመችውን ዛላ በእጇ አሽታ፣ ገለባውን እፍ ብላ፣ ፍሬውን አፏ ውስጥ ጨመረች። እኛንም ዘገነችን። ትኩስ የስንዴ ፍሬ ሲያኝኩት ይጣፍጣል፣ ቆይቶ ማስቲካ ይሆናል። ጓደኛዬ እስከ በቆጂ ድረስ ሲያኝክ ነበር።

በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የዚህ አካባቢ ልጆች ናቸው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ቦታውን ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ከመኪና ወርጄ ትንሽ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ተቆራረጠ። በዚያው ሰዓት ቱታ የለበሱ ልጃገረዶች ልምምዳቸውን ጨርሰው ከጫካው ወጡ። እየተሳሳቁ አለፉን። ላብ እንጂ ድካም አይታይባቸውም።

አሳሳን አልፈን ዶዶላ ስንገባ ገና ፀሐይ ነበረች። ወደ ፊት መቀጠል ይቻል ነበር። ግን የአዳባን ዳገት በማታ ማለፍ ማለት ምንም ሳያዩ ማለፍ ነው። አደርን።

ዓርብ፦ ዲንሾና ጎባ

ከዶዶላ እስከ አዳባ ሜዳ ነው። በስተቀኝ የተራራው ሰንሰለት እየተከተለህ ይሄዳል። ዋቤ ሸበሌ ውሃውን የሚሰበስበው ከእነዚህ ተራሮች ነው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ መልካ ዋከና ግድብ አለ፤ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው። ወንዙ ከግድቡ ወርዶ፣ ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይገባል። ጓደኛዬ ጣቱን ወደ ተራራው ቀስሮ "ይሄን ሰንሰለት ልብ በልልኝ። የምናየው ወንዝ ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው" አለኝ። በኋላ እንደገባኝ የጉዞው ሁሉ ቁልፍ ይህ ነበር።

ከአዳባ በኋላ መንገዱ ይጠማዘዛል። ፈረሰኞች በዙ። ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ፈረሱን በሶምሶማ እያስኬዱ ገበያ ይወርዳሉ። ሰላም ስትላቸው እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እዚህ መኪናን በዝግታ መንዳት ግዴታ ነው፤ ፈረስ ጥሩንባ ይደነግጣል። ጓደኛዬ ፈረስ ባየ ቁጥር ሞተሩን ረገብ ያደርግ ነበር።

ዲንሾ ከመድረሳችን በፊት ጋይሳይ የሚባለው የሣር ሜዳ ተዘረጋ። ኒያላን ለማየት ከአስፋልቱ መውረድ እንኳ አያስፈልግም። ይህ የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የለም። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ይህን የሚያህል ግዙፍ እንስሳ ያን ያህል ዘመን ሳይታወቅ መኖሩ ይገርማል። ወንዱ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ከሴቶቹ ጋር ቆሞ ቀና ብሎ አየን፣ ከዚያ ተመልሶ ሣሩን መጋጥ ቀጠለ። ከርከሮዎች በእግሮቹ መሀል ይሯሯጣሉ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። መግቢያ ከፈልን፣ የአካባቢው ልጅ የሆነ አስጎብኚ ያዝን። ፓርኩ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለውን የኮሶና የጥድ ጫካ በእግር ዞርን። የኮሶው ግንድ ቅርፊቱ ተልጦ ቀይ ነው፤ አበባው ጥምዝዝ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የምኒልክ ድኩላ ከጥላው ወጥቶ አንድ ጊዜ ጮኸና ጠፋ። ድምፁ የውሻ ነው የሚመስለው። ከተማ አጠገብ እንዲህ ያለ ጫካ መትረፉን ሳይ ለጠበቁት ሰዎች አመሰገንኩ።

ሮቤን አልፈን ጎባ ማታ ገባን። የጓደኛዬ እናት በር ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙትና "ምነው እንዲህ ከሳህብኝ?" አሉት። ወደ እኔ ዞረው "ግባ ልጄ፣ ቤትህ ነው" አሉኝ። ጨጨብሳ በቅቤና በማር ቀረበ። ነገ ሳነቴ ወደሚባለው የተራራ ሜዳ እንደምንወጣ ሲሰሙ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጡን፦ "ጆሯችሁን ሸፍኑ። የሳነቴ ብርድ በጆሮ ነው የሚገባው።"

ቅዳሜ፦ ሳነቴ

ከጎባ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ከከተማዋ እንደወጣህ ኮረኮንቹ ሽቅብ ይይዛል። መጀመሪያ ጥድ ነው፣ ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ። ዛፉ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ጉልበት የሚደርስ ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ። ከዚያ ድንገት ዳገቱ አለቀ፣ ሜዳው ተከፈተ። 4,000 ሜትር አካባቢ ላይ እንዲህ ያለ ሰፊ ሜዳ ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል? አፍሪካ ውስጥ መኪና ከሚሄድባቸው ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ላይ ነን።

ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ትንንሾቹ ሐይቆች ዳር ዳራቸው በስሱ በረዶ ሠርቷል። በአንዱ ላይ ክንፋቸው ሰማያዊ የሆነ ዝይዎች ነበሩ፤ እነዚህም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኙም። የእናትየው ምክር እውነት ነው። ጆሮዬን በሻርፕ ባልሸፍነው ኖሮ ከመኪናው አልወርድም ነበር።

አስጎብኚያችን ገና ከመነሻው አንድ ነገር ነገረን፦ "በሰዓት ከ30 በላይ እንዳትነዱ። መንገዱ የእነሱም ነው።" ቀይ ቀበሮ ማለቱ ነው። መኪና የገጫቸው አሉ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው። እንግዲህ እዚህ መንገድ ላይ ፍጥነት መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ፀሐይ ስትወጣ ሞተር አጥፍተን ጠበቅን። መስኮት ዝቅ አደረግን። ሜዳው ባዶ ይመስል ነበር፤ ቆየት ስትል ግን አፈሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ፍልፈል ነው። ይህ የባሌ ግዙፍ ፍልፈል ሲከብድ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ ከባሌ ሌላ የትም የለም። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ዙሪያውን ያያል። ግማሽ አካሉን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ቅጠል ይለቅማል። አፉ ሲሞላ ወደ ኋላ ይገባል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ትቆማለች። እሱ የቆፈረው አፈር ውስጥ ትል ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮኻለች፤ እሱም ድምጿን ሰምቶ ይገባል። አስጎብኚው "ጎረቤታሞች ናቸው" አለን።

ቀበሮው ከኋላችን ነው የመጣው። ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አደረገኝና በአገጩ ወደ መስተዋቱ ጠቆመኝ። መንገዱን ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይመጣል። ሰውነቱ ደማቅ ቀይ ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሮቹ ረጃጅም። ከመኪናችን ጎን ሲደርስ እንኳ ቀና አላለም። ትንሽ አልፎ ቆመ። አንድ እግሩን አነሳ። እንደዚያው ሳይነቃነቅ ብዙ ቆየ። ከዚያ በደረቱ ሣሩ ላይ ተኛና እየተሳበ መጠጋት ጀመረ። ወፏ ጮኸች። ፍልፈሉ ገባ። ቀበሮው ተወርውሮ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፣ በፊት እግሮቹ አፈሩን ዛቀ፣ ዛቀ። ባዶ። አፍንጫው ላይ አፈር ይዞ ወጣ፣ ራሱን አራገፈና ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። በሦስተኛው ያዘ።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል እንጂ በመንጋ አያድንም። ለቀን ምግቡ ብቻውን ነው የሚዞረው። ትልቁ ጠላቱ ከእረኛ ውሾች የሚመጣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በተለያየ ጊዜ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ስለዚህ በየመንደሩ ውሻ መከተብ ቀበሮ ከመጠበቅ አይለይም። አስጎብኚው የገዛ ቤተሰቡ ውሾች መከተባቸውን በኩራት ነው የነገረን። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ፎቶ ላይ አይታዩም፤ ቀበሮውን ግን የምናየው በእነሱ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር ነገረን። በወይብ ሸለቆ በኩል ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ሰዎች ከ30,000 ዓመት በፊት እዚያ፣ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ይኖሩ እንደነበር አሳይተዋል። ይበሉት የነበረው ይህንኑ ፍልፈል ነው፤ የተጠበሰ አጥንቱ ተገኝቷል። በዚያ ዘመን የተራራው ጫፍ በረዶ ግግር ነበረው። እኔ ከነሻርፑ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እነዚያ ሰዎች እዚህ እሳት አንድደው ልጅ አሳድገዋል። ስለ ደጋ ኑሮ ያለኝ አስተያየት ያን ጠዋት ተለወጠ።

ከሜዳው ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ መኪና ያስወጣል። 4,377 ሜትር ነው። አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሃርድቶፗም አቃሰተች። አንደኛ ማርሽ ላይ ተደርጎ፣ በዝግታ። ጫፉ ላይ የቴሌ ማማ ቆሟል። ነፋሱ ያንገዳግዳል። በደቡብ በኩል ምድሩ በአንድ ጊዜ ይቆረጥና ከታች የሚታየው ደመና ብቻ ነው። ከደመናው ሥር የሐረና ጫካ አለ።

ስንወርድ ጅብራዎች መሀል ቆምን። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ እየዘረጋ ይቆያል። አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ ያወጣል፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። የደረቁት ዘንጎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አጠገባቸው አዳዲሶቹ ከመሬት ብቅ እያሉ ነው። ጓደኛዬ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ወደ ደሎ መና ሲወርዱ እዚህ ቦታ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶ እንዳደሩ አወራኝ። ሌሊቱን ያሳለፉት ከጭነቱ ጋር የነበረ በግ አቅፈው ነው። አባቱ አሁን በሕይወት የሉም። ሲያወራ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ሜዳው ያይ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩት።

ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ ወደ ሪራ የሚወርደው መንገድ ጥምዝምዝ ነው። ፍሬን ላይ ተማምነህ አትወርድም፤ ማርሽ ነው የሚይዝህ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ጭጋግ ገባን። አስታው እዚህ ቁጥቋጦ መሆኑ ቀርቶ ዛፍ ሆኗል። ግንዱ በሙሉ ሽበት ለብሶ ከየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም ተንጠልጥሏል። ሪራ አደርን። ከፍታው ያመጣብኝ ራስ ምታት እዚያ ለቀቀኝ።

እሁድ፦ ሐረና

ሪራ ቀርከሃ አገር ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ቅርጫቱ ሁሉ ቀርከሃ። የባሌ ጦጣ የሚባለው ዝርያ ኑሮው ከዚህ ቀርከሃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዋና ምግቡ ቅጠሉ ነው። እኛ ያየነው ጅራቱን ብቻ ነው።

ከዚያ በታች ያለው ጫካ መንገዱን ከላይ ገጥሞታል። ቀን ነው፣ ግን መብራት አብርተን ነው የምንሄደው። ጉሬዛዎች ከጫፍ ጫፍ ይዘላሉ። ከትላልቆቹ ዛፎች ላይ የግንድ ቀፎ ተሰቅሏል። ሐረና ውስጥ አንበሳም አለ፤ ማታ የሚሰሙት አሉ። ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ ቡና፣ ማንም ያልተከለው፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር የበቀለ። ከመንገድ ዳር አንድ አባት ቀይ ፍሬ ሸራ ላይ ያሰጣሉ። ጓደኛዬ በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረበ፣ ወሬው ረዘመ፣ ቡና ተፈላ። ስኳር አልጠየቅንም፤ የጫካ ማር ነበር።

ደሎ መና ስንደርስ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ሻርፕ ሁሉም ኋላ ወንበር ላይ ተከምሯል። ሙቀት ነው። ትናንት ጠዋት ውርጭ፣ ዛሬ ቀትር ላይ ግመልና ሙዝ። ያው በአንድ መንገድ ላይ ነው። ምሳ በልተን በመጣንበት ተመለስን፤ ሳነቴን ስናቋርጥ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ጎባ ገብተን እናትየው የሠሩትን ሾርባ ጠጥተን ተኛን።

ሰኞ፦ ሶፍ ዑመር

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት ጓደኛዬ "አንድ የቀረኝ ነገር አለ" አለ። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ፣ በጎሮ በኩል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። የስንዴው አገር አልቆ ግራርና ቀይ አፈር መጣ።

ሶፍ ዑመር ላይ ወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ከመሬት በታች ይገባል። ዲንሾ አካባቢ ቀዝቃዛና ቀጭን ሆኖ ያየነው ወይብ ነው። የዋሻው መተላለፊያ ሲደመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሙን ያገኘው እዚህ ይኖሩ ከነበሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው፤ ዛሬም ምእመናን ለዝያራ ይመጣሉ። ጫማችንን አውልቀን ውሃው ውስጥ እየረገጥን ገባን። አምዶቹ ውሃ የጠረባቸው ናቸው፣ ለስላሳ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። በየአዳራሹ ድምፅህ ተመልሶ ይመጣልሃል። የሌሊት ወፎች ጣሪያው ላይ ይንጫጫሉ። በባትሪ ያየሁት አንድ አምድ መሀሉ ተቦርቡሮ እጅ ያሳልፋል፤ ጓደኛዬ በወዲያ በኩል ሆኖ ጨበጠኝ።

ወይብ ከዚህ ወርዶ ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ይቀላቀላል፣ ከዚያ ጁባ ሆኖ ሶማሊያን አቋርጦ ባሕር ይገባል። ወልመልና ዱማል የሚባሉት ወንዞችም ከዚያው ከባሌ ተራራ ነው የሚነሡት። ቅዳሜ የቆምንበት የሳነቴ ሣርና ጭቃ የሚይዘው ውሃ ለሚሊዮኖች የሚደርስ ነው። ሜዳው ተግጦ ቢራቆት፣ ሐረና ቢመነጠር፣ መጀመሪያ የሚያውቁት እዚህ ታች ያሉት ናቸው። ፓርኩ ውስጥ የሚኖረውና ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ብዙ ነው፤ እሱም መኖር አለበት። ለቡናው፣ ለማሩ፣ ለአስጎብኚነቱ ጥሩ ዋጋ ቢያገኝ ሸክሙ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ባሌ የምትሄዱ ሰዎች ገንዘባችሁን እዚያው መንደሩ ውስጥ አውጡት።

ከዋሻው ስንወጣ አንድ ግመል ጠባቂ ወንዙ ዳር ግመሎቹን ያጠጣል። ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ጓደኛዬ ከሳነቴ አለው። ሰውየው ወዲያው "ላይ ዘንቧል?" አለ። ጓደኛዬ ውርጭ እንጂ ዝናብ እንደሌለ ነገረው። ሰውየው ወንዙን ቁልቁል አየና ግመሎቹን ከዚህ እንደማያርቅ፣ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ እዚሁ አካባቢ እንደሚቆይ ተናገረ። በእርሻው፣ በገበያው፣ በልጆቹ ወሬ ትንሽ ተጫወትን። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ተሰናብተነው፣ ከመጨለሙ በፊት ሮቤ ለመግባት ተነሳን።